መኪናውን አልያዝኩም ነበር

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጥቅምቱ ውርጭ እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማሙሽ አንደኛ ክፍል ገብቷል። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲያወራ ያፏጫል። ሳይክሉ ላይ የነበሩትን ትንንሽ የጎን ጎማዎች ፈታንለት። አሁን ግቢውን እየዞረ የአከራያችንን ዶሮዎች ያሳድዳል። እንደ ስሎቬኒያው የሳይክል ተወዳዳሪ «ፖጋቻር ነኝ» ይላል። ማን እንዳስተማረው ያውቁታል።

ይህን ሁሉ በስልክ መንገር እችል ነበር። ግን በስልክ ከእርስዎ ጋር ቁም ነገር ማውራት አልተቻለም። ስለ ጤናዎ ስጠይቅዎት ስለ ኤርትራዊው ሳይክል ነጂ ስለ ቢኒያም ግርማይ ይመልሱልኛል። የሐኪም ቀጠሮውን ሳነሳ ቬንቱ ተራራ ላይ ማን ማንን ጥሎ እንደሄደ ይተርኩልኛል። እኔም እስቃለሁ። ካርዱ ያልቃል፣ እንዘጋለን። ቆይቼ ሳስበው የጠየቅኩትን አንዱንም አልመለሱልኝም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። እማማ ካረፈች ወዲህ ቴሌቪዥኑን የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነበር። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ላይ ቢኒያም ቱሪን ላይ ሲያሸንፍ ሚጡ በስልኳ ያሳየችዎት ቀን ደውለው የጮኹት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጥቁር አፍሪካዊ በፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የአንድ ቀን ውድድር ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ቀን ጨመረ፣ በነጥብ ለቀደመ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያም ይዞ ገባ። እርስዎ ግን ድሉን ሳይሆን ተራራውን ነበር የሚጠይቁኝ። «ይሄ ልጅ ፈጣን ነው፣ ግን ያን ዳገት እንዴት ይወጣዋል?» ይሉኝ ነበር። እኔም እያነበብኩ እነግርዎት ጀመር። ፈጣኖቹ ተራራ ላይ ወደኋላ ቀርተው አንድ ላይ እንደሚሰባሰቡ፣ የጊዜ ገደቡ በአሸናፊው ሰዓት ላይ ተሰልቶ እንደሚወጣ፣ ከዚያ ዘግይቶ የገባ ወደ ቤቱ እንደሚላክ። «ስለዚህ ከፊት ያለው በፈጠነ ቁጥር ከኋላ ያሉት ይቸገራሉ ማለት ነው» አሉኝ። እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ። እርስዎ ተሳቢ እየጎተቱ ጣርማበርን ሲወጡ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ማርሽና ዳገት ማን ያስረዳዎታል?

የሳቁብኝንም ቀን አልረሳሁም። ጋሊቢዬ የሚሉት ተራራ 2,642 ሜትር ነው፣ ጋዜጠኞቹ አየሩ ሳሳ እያሉ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላሉ ስልዎት፣ «ታዲያ እኛ ደብረ ብርሃን ተኝተን የምናድረው ከዚያ በላይ አይደለም እንዴ?» አሉ። ልክ ነዎት። ከተማዋ 2,800 ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ደግሞ 3,000ውን አልፏል። ያኔ ሳቅን። አሁን ግን ያ ቁጥር እኔን ማሳቁ ቀርቷል። ሐኪሙ ምን እንዳለ እታለም ነግራኛለች። እሷን አይቆጧት፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኳት። ሦስት ትራስ ደራርበው ተቀምጠው እንደሚያድሩ፣ ማታ ማታ እግርዎ ጫማ እምቢ እንደሚል፣ ከቤት እስከ ሥላሴ ሁለት ቦታ ቆመው ሰው ሰላም የሚሉ እንደሚመስሉ ነገረችኝ። ሰላም የሚሉት ሰው እንደሌለም ነገረችኝ።

አባባ፣ በ2014 ሐምሌ ላይ የሆነውን ውድድር ያስታውሳሉ? ሚጡ ከዩቲዩብ ፈልጋ ያሳየችዎትን። ሮግሊችና ቪንጌጎ የአንድ ቡድን ሰዎች ሆነው ጋሊቢዬ ላይ ፖጋቻርን በየተራ ሲያጠቁት። አንዱ ይፈተለካል፣ ፖጋቻር ይከተላል። ያ ሲይዘው ሌላኛው ይነሳል። ለሁሉም መለሰ። የሚቀጥለው ተራራ ግራኖን ላይ ማሊያው ተከፍቶ፣ ትከሻው እየተወዛወዘ ቀረ። የመሪነቱ ቢጫ ማሊያም ሄደ። ያኔ «ለሁሉም መልስ መስጠት ምን ይሉታል? አንዱን መተው ነበረበት» ብለው ነበር። ትንታኔዎ ከብዙዎቹ ተንታኞች ይበልጣል። ግን እርስዎስ? የጎረቤቱን የአጥር ጉዳይ፣ የእድሩን ዳኝነት፣ የአክስቴን ልጅ ሽምግልና፣ ሁሉንም ይዘው ነው የሚዞሩት። አንዱን መተው ምን ይላሉ?

ደግሞ የዓመቱ። ኮል ደ ላ ሎዝ የሚሉት ተራራ። ፖጋቻር ገና ተራራው ላይ እያለ አለቀበት። ሬዲዮውን ከፍቶ ለቡድኑ «አለቀልኝ፣ ሞቻለሁ» አለ። ዓለም ሁሉ ሰማው። ሶሌር የሚባለው ረዳቱ ፍጥነቱን ቀንሶ አብሮት ወጣ። በዚያ ቀን ብቻ ከቪንጌጎ ወደ ስድስት ደቂቃ ገደማ ተቀደመ። ይህን ሲያዩ «ወንድ ልጅ እንዲህ ይላል?» ማለትዎን ሚጡ ነግራኛለች። ይላል፣ አባባ። ብሎም በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ቱሩን አሸነፈ። በ2018 በመስቀል ማግስት ኪጋሊ ላይ ያየነው እሱ ነው እኮ። 267 ኪሎ ሜትር፣ ከመቶ ስልሳ በላይ ሰው ተነስቶ 30 ብቻ የጨረሱበት ውድድር፣ እሱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ነድቶ ገባ። የዓለም ሻምፒዮና አፍሪካ ምድር ላይ ሲደረግ የመጀመሪያው። እርስዎ ያን ቀን ስልኩን አልዘጋ ብለው የእኔ ወጥ አረረ።

አሁን ወደዚያ ቀን ስልክ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእሱ ምክንያት ነው። ስለ ሕመምዎ ብቻ ቢሆን ለእታለም ደውዬ እጨርሰው ነበር።

መሃል ላይ ምን አሉኝ? «አየሽ ልጄ፣ ከፊት ያለው ንፋሱን ይበላል። ከኋላው የተጠጋው ተከልሎ በነፃ ይሄዳል። ዋናው ብልሃት እሱ ነው።» ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎዎት «ሄሎ፣ ሄሎ» አሉ። አልተቋረጠም ነበር።

ትክክል ነዎት፣ ሳይክል ማለት እሱ ነው። ከሰው ኋላ የተጠጋ ሰው ሜዳ ላይ ሲሶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። መቶ ሰው መሃል የገባማ ከዚያም ይበልጣል። ቡድኖቹ ለዚህ ነው መሪያቸውን እስከ ተራራው እግር ድረስ ከልለው የሚያመጡት። ዳገቱ ሲቆም ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ንፋሱም ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ ሁሉም በየራሱ እግር ይቀራል። ይህን እኔ ከቱር ደ ፍራንስ አልተማርኩትም። ከጉዶ በረት ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣው መንገድ ላይ ነው የተማርኩት፣ በወንድሜ ፊኒክስ ሳይክል፣ እርስዎ ባዩኝ ቀን።

ያ ሜዳ ንፋሱ ሰው ይጥላል። ገብሱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ነበር። እህል የጫነ አይሱዙ ቀስ ብሎ አለፈኝ። ከኋላው ተጠጋሁ። ድንገት ዓለም ጸጥ አለ። የንፋሱ ጩኸት ቆመ፣ ፔዳሉ ቀለለኝ። የመኪናውን የኋላ መከለያ የጭቃ ሽታ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ። ሁለቱም። እርስዎ ከደሴ በኩል ሳይሆን ከከተማ እየወጡ ነበርና በፊት ለፊት መጡ። አለፉን፣ በስፖኪዮ አዩኝ፣ የጭነት መኪናዎን፣ ኤንትሬውን፣ ዳር አስይዘው ወረዱ። አልጠየቁኝም። ሳይክሉን ጭነቱ ላይ ወረወሩት። በሳምንቱ ደብረ ሲና ላለው ለአጎቴ ልጅ ተሰጠ።

መሰጠቱን ትቼዋለሁ። ያልተውኩት በየበዓሉ የሚያወሩትን ነው። «ይቺ ልጅ እኮ መኪና ላይ ተንጠልጥላ ስትመጣ ያዝኳት።» ዘመድ ሁሉ ይስቃል። ለባለቤቴ ሽማግሌዎች ሳይቀር ተነግሯል። እኔ አልተንጠለጠልኩም። መኪናውን አልያዝኩም ነበር። ንፋስ ነው የተከለልኩት፤ አሁን እርስዎ በስልክ እንደ አዲስ ነገር ያስተማሩኝን። ወንድሜ በዚያው ሳይክል ሁለት ጊዜ ወድቆ ጥርሱን ሲሰብር ማንም አልቀማውም። ይህንንም በዓል ላይ ቢያወሩት ጥሩ ነበር።

ለምን እንደተቆጡ አውቃለሁ። ዳገቱ ላይ መኪና ይዞ ሲወጣ ስለሞተው ልጅ፣ እርስዎ በእጅዎ አንስተው እስከ ጤና ጣቢያው ስላደረሱት፣ ሰምቻለሁ። ግን የሰማሁት ከእማማ ነው፣ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ። ያን ቀን መንገዱ ዳር ቆመው አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ ሳይክሉን ራሴ ነበር የማስረክብዎት። አልነገሩኝም። አሁንም አይነግሩኝም። ስለ ትራሱ ከእታለም፣ ስለ እግርዎ ከሚጡ፣ ስለ ሐኪሙ ደግሞ ለምኜ። የእርስዎን ነገር ሁልጊዜ ከሌላ ሰው አፍ ነው የምሰማው። ሰልችቶኛል፣ አባባ። እፈራለሁም። ማታ ስልክ ሲጮኽ ቁጥሩን ሳላይ ነው የምደነግጠው።

እንግዲህ ተቆጣሁ። እማማ ብትኖር «በይ በቃሽ» ትለኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ይወዱታል። ድሮ የሳይክል ተወዳዳሪዎች ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከተመልካች ጋዜጣ ይቀበሉ ነበር። ማሊያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ይወሽቁትና ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ላባቸው ላይ ንፋስ እንዳይመታቸው። ፎቶውን ሳይ ሳቄ መጣ። እርስዎም የኤንትሬው በር አልገጥም ብሎ ንፋስ ሲያስገባ ያነበቡትን አዲስ ዘመን አራት አጥፈው ከሹራቡ በታች ያስገቡ ነበር። ማታ ሲያወልቁ ወረቀቱ የደረትዎን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ቀለሙም ካናቴራው ላይ ይቀርና እማማ ስታጥብ ትነጫነጫለች። ማሙሽ ይህን ስነግረው ባለፈው እሑድ የደብተሩን ቅጠል ገንጥሎ ደረቱ ላይ ወሸቀ። አዳማ ላይ፣ በዚህ ሙቀት።

አሁን ወደ ሥራው። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፣ አዲስ አበባ። ባለቤቴ ሰኞ ማታ መኪና ይዞ ይመጣል፣ እዚያው ያድራል፣ ጠዋት 11 ሰዓት ትነሳላችሁ። ከሐኪሙ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን አይመለሱም። ወደ እኔ ነው የሚመጡት። ሐኪሙ ዝቅ ያለ አገር ቢከርሙ ይሻላል ያለው እርስዎ ፊት ነው፣ አልሰማሁም አይበሉኝ። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። የታችኛውን ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ፣ ደረጃ የለውም። ሙቀቱን እንደሚያማርሩ አውቃለሁ። ያማርሩ።

«ቤቴን ለማን ጥዬ» እንደሚሉም አውቃለሁ። ለእታለም ነዋ። እሷንም አንድ ቀን ልብ ብለው ይዩዋት። ውሃ ለማምጣት ወደ ቡድኑ መኪና እየተመለሱ፣ ማሊያቸውን በጠርሙስ ሞልተው ለመሪው የሚያደርሱትን ልጆች ስንቴ አድንቀው ነግረውኛል! «የነሱን ስም የሚጠራ የለም» ብለው አዝነው ነበር። እቤትዎ ውስጥ አንዷ አለች። ሌሊት ትንፋሽዎን እየሰማች ነው የምታድረው። ትንሽ ትተኛ።

እስከ ሰኞ ድረስ ከሰሉን መኝታ ክፍል አያስገቡ። በር ተዘግቶ ከሰል ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ጨው ቀንሱ ተብሏል፣ እታለም አልጫ ስታቀርብ ፊትዎን አያጥቁሩባት።

የሳይክሉን ነገር እዚህ ሲመጡ እንነጋገራለን። አልተውኩትም። በገና ዘመድ ሲሰበሰብ ወሬውን ካነሱትም እኔ አለሁ፣ አስተካክለዋለሁ።

የደረት ፎቶውንና የሐኪሙን ወረቀት በአንድ ፌስታል ያድርጉ። ኪኒኖቹንም ሁሉንም ይዘው ይምጡ፤ የሚውጧቸውን ብቻ ሳይሆን አልጋው ሥር የደበቋቸውንም።

ልጅዎ
አዳማ