ሕጉን ሁሉም ይደግፋል፣ «እዚህ አይጨስም» የሚል ግን የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የትምባሆ ቁጥጥር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ሕዝቡ ሕጉን አልተቀበለውም» ሲባል እንሰማለን። በአካባቢ ጤና ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በዚህ አንስማማም። ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብትጠይቁ «ቤት ውስጥ እንዳይጨስ መከልከላቸው ደግ አደረጉ» ይላችኋል። ያው ሰው ግን ከጎኑ ሲጋራ ሲለኮስ ወንበሩን ዞር ያደርጋል እንጂ አይናገርም፤ ነውር ይመስለዋል። በፈረንጆቹ 2016 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 አዋቂዎች 5ቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ለጥቂት ሰው የሚታፈነው በይሉኝታ ነው ማለት ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ አገልግሎት በሚውል ዝግ ቦታና በሥራ ቦታ ሁሉ ማጨስን ከልክሏል። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም አይቻልም። ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሕጉ እንግዳ እንግዳን እንዲቆጣ አይጠብቅም። ቤቱን ከጭስ ነፃ የማድረግ ግዴታ የባለቤቱ ወይም የሥራ አስኪያጁ ነው። ይህ በደንብ ቢታወቅ ይሉኝታው ግማሹ ይቀል ነበር።

ቤቶቹ ውስጥ ምን እንደሚበላሽ እንናገር። ማስታወቂያው አለ፣ ግን ከባንኮኒው በስተኋላ፣ ከጠርሙሶቹ መካከል ተለጥፏል። መግቢያው በር ላይ፣ ከዚያም በየግድግዳው የተቀመጠ ሰው በሚያየው ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የሲጋራ መተርኮሻው ከጠረጴዛ ላይ ይነሣል፣ ነገር ግን አጫሹ ወዲያው የስኒ ማስቀመጫውን ይተረኩስበታል። አስተናጋጁ ያንን አይቶ ዝም ካለ ማስታወቂያው ዋጋ የለውም። አስተናጋጁ ደግሞ ዝም የሚለው ወዶ አይደለም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የሚኖረው በቲፕ ነው፣ የለኮሰው ደንበኛ ምናልባት ከሁሉ የተሻለ ቲፕ የሚሰጠው ይሆናል። ስለዚህ መናገር የኃላፊው ሥራ ይሁን። አስተናጋጁ ምልክት ይስጥ፣ ኃላፊው ራሱ ቀርቦ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ ውስጥ አይፈቀድም፤ የሚያጨሱበትን ቦታ ላሳይዎት» ይበል። ከባንኮኒ ወዲያ ሆኖ መጮህ ሰውየውን ያሳፍረዋል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ እልህ ይገባል። እምቢ ካለ መስተንግዶው ይቁም፣ ሒሳቡም ይቅረብለት። አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ ይነሣል።

በረንዳው ለብቻው መነሣት አለበት። ክረምት ሲገባ ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ ዙሪያውን በላስቲክ ይጋረዳል። ያን ጊዜ በረንዳ መሆኑ ይቀርና ዝግ ክፍል ይሆናል፣ ግን «ውጭ ነው» እየተባለ ይጨስበታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። 10 ሜትር ማለት እኮ የአንድ ሰው 13 ወይም 14 እርምጃ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ ቆጥሮ ምልክት ማድረግ 1 ደቂቃ አይፈጅም። የአየር ማስወጫ መግጠምም መፍትሔ አይሆንም፤ ሽታውን ይቀንስ ይሆናል፣ በአየሩ የተበተነውን መርዝ ግን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። እንግዳው 1 ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ አስተናጋጇ ግን ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች።

ከቤት ውጭ ያለው ቀዳዳ ደግሞ በፍሬ መሸጥ ነው። ሕጉ ሲጋራ በነጠላ እንዳይሸጥ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከፓኮው የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶውን የሚይዝ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያም ያዛል። ነገር ግን ከሱቅ በደረቴ ወይም በክር የታሰረ ላይተር ካንጠለጠለች ኪዮስክ አንድ ፍሬ የሚገዛ ልጅ ፓኮውን መቼ አየው? ሥዕሉን የሚያየው ሻጩ ብቻ ነው። ቀረጡም እንደዚሁ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ30 በመቶ ቀረጥ በተጨማሪ በአንድ ፓኮ ላይ 8 ብር ጣለ። ለ20 ፍሬ ስታካፍሉት 40 ሳንቲም ነው። ፓኮውን የሚገዛ ሰው ጭማሪውን በአንዴ ይሰማዋል፤ በፍሬ የሚገዛው፣ በተለይ ገና የሚጀምረው ወጣት፣ ልብ ሳይለው ያልፋል።

ባለ ቤቶች «ገበያዬ ይቀራል» ይላሉ። ስጋታቸውን አንንቅም። አንድ ግሮሰሪ ብቻውን ቢከለክል አጫሹ ጎረቤት ይሄዳል፣ ይህ እውነት ነው። መንገዱ ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ በአንድ ቀን ቢጀምሩ ግን የሚሄድበት የለም። ቁጥጥሩ በዘመቻ ሲሆን ይህን አያመጣም። የሺሻ ዕቃ ተሰብስቦ ሲቃጠል ሰው ያያል፣ «የሰሞኑን ነው» ይላል፣ በሳምንቱ ቤቱ ተመልሶ ይከፈታል። ሕጉን የሚንቅ ሕዝብ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ዘመቻ ሳያስፈልግ ሥራው የሚሠራበት መንገድ አለ። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ባለሙያ መጸዳጃ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱንና የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ሲያይ፣ የበሩን ማስታወቂያ፣ የበረንዳውን መጋረጃና የ10 ሜትሩን ምልክትም በዚያው ቅጽ ላይ ይመዝግብ። ያልተሟላው ቤት እስኪያስተካክል ድረስ ወረቀቱ ይቆይበት። የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች በቀጣዩ እድሳት ይህን እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። አንባቢም ጥሰት ሲያይ ከአጫሹ ጋር መጋጨት አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያ ለቤቱ ኃላፊ፣ ካልሰማ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል።

በአካባቢ ጤና ቁጥጥር ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ