ለደንበኞቻችን፦ ግራጫ ከግራጫ ለምን አልገጠመም? በጥቅሎቻችን ላይ ስለሚለጠፉት ቁጥሮች

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ተደጋግሞ የደረሰን ቅሬታ ይህ ነው፦ ባለ 2 በ 4 ጉብታ ግራጫ የሌጎ ጡብ (የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ) በሁለት ጊዜ ታዝዞ ግድግዳ ሲሠራበት መሀሉ ላይ የቀለም ልዩነት መስመር ወጣ። በሁለቱም ጥቅሎች ውስጥ ያለው እውነተኛ ሌጎ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ላይ 9፣ ሌላው ላይ 86 የሚል የቀለም ቁጥር ተለጥፎ ነበር። ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ ከዚህ በፊት ነግረናችሁ ስለማናውቅ ጥፋቱ የእኛ ነው። ያገለገለ ሌጎ በባልዲ ገብቶ በቁጥር እስኪወጣ ድረስ ምን እንደምናደርግና የት የት ላይ ስህተት እንደሚፈጠር ከዚህ በታች ጽፈናል።

መጀመሪያ የሚለየው ሌጎው ከሌጎ መሳዩ ነው። የዛሬው ጡብ እ.ኤ.አ. በ1958 በዴንማርክ የፈጠራ መብት ቢመዘገብለትም መብቱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ሌሎች አምራቾችም በዚያው ልክ ይሠራሉ። ከጉብታ (ጡቡ አናት ላይ ወጣ ካለው ክብ) መሀል እስከ ጉብታ መሀል 8 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ጉብታው ሳይቆጠር 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ መግጠሙ ብቻ ማስረጃ አይሆነንም። የምናየው በየጉብታው አናት ላይ ጎላ ብሎ የወጣውን የሌጎ ጽሑፍ ነው። ጉብታ የሌላቸው ልሙጥ ክፍሎች ጽሑፉን ከሥራቸው ይይዛሉ። ቴክኒክ የተባለው የሌጎ ዓይነት ዘንጎችና ማያያዣዎች ላይ ደግሞ ያለ አጉሊ መነጽር ላይታይ ይችላል፤ ጀማሪ ለቃሚ ብዙ ጊዜ እውነተኛውን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። መሳዩን አንጥለውም፤ ለብቻው በኪሎ ይሸጣል፣ ከሌጎ ጋር ግን አይቀላቀልም።

እጥበቱ ቀላል ነው፤ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ውሃው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አይበልጥም፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል። ፈላ ያለ ውሃ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ስስ ጡብ ደግሞ አይቃናም። ሞተር፣ የባትሪ ሳጥንና መብራት ያለበት ሁሉ ውሃ አይነካውም፣ ተለጣፊ ወረቀት ያለበትም እንዲሁ። ስናደርቅ ክፍቱን ወደ ታች አድርገን ፎጣ ላይ እንዘረጋለን፤ ያለዚያ ውሃው ከውስጥ ባሉት ቱቦዎች ዙሪያ ተቋጥሮ ነጭ የጨው ምልክት ይተዋል። ፀሐይ ላይ አናሰጣም። ነጩን፣ ግራጫውንና ሰማያዊውን የሚያወይበው እሷው ናት።

ከዚያ ለቀማው ይመጣል። ብዙ ሰው በቀለም ይጀምራል፤ እኛ በቅርጽ እንጀምራለን፣ ቀለም መጨረሻ ነው። ምክንያቱን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ጥቁር ጡብ ብቻ በሞላበት ሰፌድ ውስጥ አንዲት ባለ መቆንጠጫ ጥቁር ቁራጭ ፈልጉ፤ ዓይን ይደክማል። ሁሉም መቆንጠጫ በሆነበት ክምር ውስጥ ግን ጥቁሩን ማውጣት ከምስር ውስጥ ጠጠር ከመልቀም ይቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ በወንፊት ደቃቁን እናወርዳለን፤ ቀጥሎ ጡብ፣ ስስ ጡብ፣ ልሙጥ፣ ተዳፋት፣ ቴክኒክ፣ ጎማ፣ ትንንሽ የሌጎ ሰዎች እያልን ወደ 12 ሣጥን እንከፍለዋለን። ስስ ጡብ ስንል ቁመቱ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው፤ ሦስቱ ሲደራረቡ አንድ ሙሉ ጡብ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር አለው፦ 2 በ 4 ጡብ 3001፣ 2 በ 2 ጡብ 3003፣ 1 በ 2 ጡብ 3004፣ 2 በ 4 ስስ ጡብ 3020፣ 1 በ 2 ስስ ጡብ 3023። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ወይም ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይገኛል። የስልክ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ብታበሩበት ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል፤ ከላይ በቀጥታ ካበራችሁበት ግን ይጠፋል። ችግሩ እዚያው አጠገብ ሌላ ቁጥር መኖሩ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ፣ አንዳንዴም መሀሉ ሰረዝ ያለበት። ያ ክፍሉ የወጣበት የሞልዱ (ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ብረት) ጉድጓድ መለያ እንጂ የቅርጹ ቁጥር አይደለም። በሁለት ግማሽ የተሠሩ ማጠፊያዎች ላይም እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ቁጥር ይዟል፤ ተገጣጥመው ሲሸጡ የሚኖራቸው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትመጣ ትንሽ ፊደል አትናቅ። 1 በ 2 ልሙጥ 3069 ነው። ጥፍራችሁን በሥረኛው ጠርዝ ዙሪያ ብታስኬዱት ቀጭን ቦይ ከያዘው 3069b ነው፤ ቦዩ ልሙጡን ፈልቅቆ ለማንሳት የተሠራ ነው። ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ የድሮው 3069a ነው። ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል፣ የድሮ ስብስብ (በአንድ ሣጥን ተሟልቶ የተሸጠ ሌጎ) የሚያሟላ ደንበኛም አንዱን በሌላው አይቀበልም። በፎቶ ቅርጽ የሚለዩ የስልክ መተግበሪያዎችን እኛም እንጠቀማለን፤ እንዲህ ያለውን የሥር ልዩነት ግን ከላይ በተነሳ ፎቶ ማየት አይችሉም።

የቀለሙ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። የሌጎ ኩባንያ የራሱ የቀለም ቁጥር አለው፤ ብሪክሊንክ የተባለው የሻጮች ገበያ ደግሞ የራሱ አለው። ቀይ በኩባንያው 21፣ በብሪክሊንክ 5 ነው። በድሮዎቹ የክፍል ቁጥሮች ቀለሙ ከቅርጹ ኋላ ይቀጠል ነበር፤ 300121 ማለት 3001 በቀይ ማለት ነው። በ4 ወይም በ6 የሚጀምሩት ባለ 7 አሃዝ ቁጥሮች ግን እንዲህ አይከፈሉም፤ ለመክፈል አትሞክሩ። በእኛ ጥቅሎች ላይ የምታዩት የብሪክሊንክ ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ኩባንያው ግራጫዎቹንና ቡናማውን ለወጠ። የድሮው ቀላል ግራጫ 9 ነበር፣ በ86 ተተካ። ጠቆር ያለው ግራጫ ከ10 ወደ 85፣ ቡናማው ከ8 ወደ 88 ሄደ። አዲሶቹ ግራጫዎች ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፤ የድሮዎቹ አጠገባቸው ሲቀመጡ ቢጫ ቢጤ ይመስላሉ። ለየብቻ ሲታዩ ማንም አይለያቸውም። ስለዚህ የታወቀ 9 እና የታወቀ 86 አጠገባችን አስቀምጠን፣ ያልታወቀውን መሀላቸው አድርገን፣ በቀን ብርሃን መስኮት ሥር እናያለን። ቢጫማ አምፖል ሥር ያደረግነው ለቀማ ሁሉ በማግስቱ ይደገማል።

አንድ ወጥመድ አለ። ፀሐይ የመታው 86 ወይቦ ቁርጥ 9 ይመስላል። በዚህ ጊዜ ጡቡን ገልብጡና ቱቦዎቹ መሀል ያለውን ጥልቅ ቦታ እዩ፤ ብርሃን እዚያ ስለማይደርስ የተፈጥሮ ቀለሙ ይኖራል። ውስጡ ሰማያዊማ፣ ውጪው ቢጫማ ከሆነ የወየበ 86 ነው፤ 9 ብለን አንሸጠውም፣ «የወየበ» ብለን ዋጋውን ዝቅ እናደርጋለን። አንዳንድ ሻጮች በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያነጡታል። እኛ አናደርገውም፤ ቢጫው ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ እናንተም የነጣ መሆኑን ሳታውቁ ገዝታችሁታል ማለት ነው።

ስለ ጥንካሬ፦ አዲሱ ቡናማ (88) እና ጠቆር ያለው ቀይ (59) በስብራት የታወቁ ናቸው። ሳይነካ የተቀመጠ ስስ ጡብ እንኳ ሲነቀል ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከእነዚህ ሁለት ቀለማት 10 ስታዙ 11 የምንልከው ለዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብርሃን ላይ ይዘን እናያለን፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በ1 በ 1 ጡብ ጎን ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይገኛል፣ በሰዎቹ ላይ ደግሞ ከብብት ሥር። የጥርስ ምልክት ያለበት ጡብ (በየባልዲው አለ፣ ልጅ ልጅ ነው) ወደ ርካሹ ሣጥን ይገባል። የመያዝ ኃይሉን የምንፈትነው ከጤነኛ ጡብ ጋር ገጥመን ገልብጠን በመያዝ ነው፤ ከወደቀ አይሸጥም።

ቆጠራው በሚዛን ነው። አንድ 3001 ወደ 2.3 ግራም ይመዝናል፣ 100 ወደ 230 ግራም። ከየሣጥኑ 20 በእጅ ቆጥረን አማካዩን እንወስዳለን፤ የተለያየ ዘመን ሞልድ ክብደቱ ስለሚለያይ በተጻፈ ቁጥር ብቻ አንሄድም። ያልደረቀ ጡብ ሲመዘን ውሃው እንደ ጡብ ይቆጠርና ጥቅሉ ይጎድላል፤ ጎድሎ የደረሳችሁ ካለ ምናልባት ይኸው ነውና ጻፉልን። 1 በ 1 የሆኑትን ደቃቆች በእጅ ብቻ እንቆጥራለን።

ለእኛ የምትሸጡ ደግሞ፦ በከፊል የተገጣጠመ ነገር ካለ አታፍርሱት፤ አብረው ያሉት ክፍሎች የየትኛው ስብስብ እንደሆኑ ይጠቁሙናል። የመመሪያ መጽሔቱን አትጣሉ፣ የስብስቡ ቁጥር ሽፋኑ ላይ ነው። ዱፕሎን (ለትንንሽ ልጆች የሚሠራውን ትልቁን ሌጎ) ለይታችሁ አምጡ፤ በየጎኑ እጥፍ ስለሆነ ባልዲውን ይሞላል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ ለመውሰድ በኪሎ የምትገዙ፣ ያልተለቀመ ድብልቅ በኪሎ በግምት ከ600 እስከ 800 ቁራጭ ይይዛል፤ ጎማና ትልልቅ የመሠረት ሰሌዳ ከበዛበት ግን በጣም ያንሳል።

ከእንግዲህ ስታዙ ሦስቱን ጻፉ፦ የቅርጹን ቁጥር ከነፊደሉ፣ የቀለሙን ቁጥር፣ ብዛቱን። የቀለሙን ቁጥር ካላወቃችሁት ያላችሁን ጡብ ከነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ መስኮት ሥር ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ተገልብጦ። ግራጫ አልገጠመልኝ ያላችሁ ሁሉ ያልገጠመውን በ30 ቀን ውስጥ መልሱ፤ የመላኪያውን ወጪ እኛ እንችላለን፣ በምትኩም ከግድግዳችሁ ጋር የሚሄደውን እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የለቀማና የካታሎግ ክፍል