የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ የመምህርን ቃል በዐይን ማድረስ

የአይሲቲ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የሠራው ዋና ሥራ አንድ ብቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንደየዓመቱ ሁሉ የተበላሹ ኮምፒውተሮችን ጠግነናል፣ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም የጽሕፈት ልምምድ ሰጥተናል፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያሰባሰበን ጉዳይ ግን መምህሩ በክፍል የሚናገረውን ወዲያው ወደ ጽሑፍ እየቀየሩ ለተማሪው የሚያሳዩበት መንገድ ነበር። እኛ «የቀጥታ ጽሑፍ» ብለነዋል። በፊልም ላይ ሰብታይትል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ የፊልሙ ጽሑፍ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ሲሆን የእኛው ከመምህሩ አፍ እግር በእግር እየተከተለ የሚጻፍ መሆኑ ነው።

ሥራው የተጀመረው በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ምክንያት ነው። ጆሮዋ በከፊል ብቻ ስለሚሰማ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የመምህራንን ከንፈር እየተመለከተች ትማራለች። በጥቅምት ወር ወደ ክበቡ የመጣችው ኮምፒውተር ልትለማመድ ነበር፤ በጨዋታ መካከል ግን «መምህር፣ ጠመኔ ይዘው ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ እኔ ከክፍል የወጣሁ ያህል ነው» አለችኝ። ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ጀርባዬን ሰጥቼ መናገሬ አንድን ልጅ ከትምህርቱ እንደሚያስወጣ አስቤ አላውቅም ነበር። ያ ንግግሯ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ርእሰ መምህሩን አንድ ቴሌቪዥን እንዲፈቅዱልን ስንጠይቅ ጥያቄያችን ልመና እንዳይመስል ተጠንቅቀናል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽም ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ይደነግጋል። የክበቡ ጸሐፊ ይህንኑ በማመልከቻው ላይ አስፍራው ነበር። ቴሌቪዥኑ በሳምንቱ ተፈቀደ።

የክፍል ቴክኖሎጂ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲጀመር እኔ ተማሪ ነበርኩ። ፕላዝማው በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይናገራል፤ ያልገባን ነገር ቢኖር መምህራችንም ሆኑ እኛ ቆም ልናደርገው አንችልም ነበር። ያን ጊዜ መምህሩ መሣሪያውን ይከተል ነበር። በዚህ ዓመት ለአባላቱ ደጋግሜ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ የምንሠራው ነገር መምህሩንና ተማሪውን የሚከተል እንጂ የሚመራ መሆን የለበትም።

ለመጀመር ያስፈለገን አንድ ስልክ፣ አንድ ባለክሊፕ ማይክና ያ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ጎግል አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር የደመረው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሲሆን «ላይቭ ትራንስክራይብ» የተባለውን ነጻ መተግበሪያ ደግሞ ዋሽንግተን ከሚገኘውና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሚማሩበት ከጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2011 ዓ.ም. አውጥቷል። እኛም በዚሁ ተጠቅመናል። ድምፁ በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ሄዶ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚመለስ በቅድሚያ የመምህራንን ፈቃድ ጠይቀናል፤ አራት መምህራን ፈቅደውልናል፤ ለቅንነታቸው ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

ከሁሉ የከበደን የቋንቋ መቀላቀል ነው። በ2ኛ ደረጃ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ አስፍቶ የሚያስረዳው ግን በአማርኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ተጋብተው ይገኛሉ። የባዮሎጂ መምህሩ «ክሎሮፊሉ የፀሐይ ብርሃኑን አብዞርብ ያደርጋል» ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ይገባዋል። ስልኩ ግን በአንድ ጊዜ የሚያዳምጠው አንድ ቋንቋ ብቻ በመሆኑ፣ ወደ አማርኛ ሲደረግ የእንግሊዝኛውን ቃል በድምፅ በሚቀርበው የአማርኛ ቃል ይተካዋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲደረግ ደግሞ አማርኛውን ምንም ትርጉም የማይሰጥ የእንግሊዝኛ ቃላት ድርድር ያደርገዋል። መተግበሪያው ሁለት ቋንቋዎችን አስቀምጦ በአንድ ንክኪ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ስለዚህ አንድ የክበብ አባል ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ቋንቋውን እንዲቀያይር አደረግን። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ መምህሩ በየሦስት ቃሉ ቋንቋ ሲቀይሩ ማንም ሊደርስባቸው አይችልም። መፍትሔው የተገኘው ከመምህራኑ ነው። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር በጀመሩበት ቋንቋ ጨርሰው፣ ትንፋሽ ወስደው ወደ ሌላው ማለፍን ተለማመዱ፤ የዕለቱን የእንግሊዝኛ ቃላትም ከትምህርቱ በፊት በሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ ይጽፉልን ጀመር። ይህን ልማድ ከያዙ በኋላ ጆሮአቸው ደህና የሆኑ ተማሪዎችም የማስታወሻ ደብተራቸው እንደ ጠራ ነግረውኛል።

ሁለተኛው ትምህርት ያገኘነው ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። የሒሳብ መምህር ጣቱን ሰሌዳው ላይ አድርጎ «ይህን ከዚህ ስንቀንስ ያ ይመጣል» ይላል። ጽሑፉ ከንግግሩ ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ስለሚደርስ ተማሪዋ «ይህን ከዚህ» የሚለውን ስታነብ የመምህሩ ጣት ሌላ ቦታ ሄዷል። ስለዚህ «ሦስት ኤክስን ከአምስት ኤክስ ስንቀንስ» ብሎ በስሙ መጥራት የግድ ሆነ። በተጨማሪም ሥዕል ሲያሳዩ ለአፍታ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ የሰው ዐይን በአንድ ጊዜ ሥዕሉንና ጽሑፉን ሊያይ አይችልምና። ቴሌቪዥኑንም መጀመሪያ ከሰሌዳው በታች አድርገነው የፊተኞቹ ራስ ጋረደው፤ ኋላ ከሰሌዳው ጎን፣ ከፍ አድርገን ሰቀልነው።

የአማርኛው ክፍለ ጊዜ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን ያመለክታል፤ «ዋና» ላልቶ በውኃ ላይ የሚደረግ ነው፣ ጠብቆ ደግሞ ዐቢይ ማለት ነው፤ «ይመታል» የሚለውም መቺውንና ተመቺውን በአንድ መልክ ይጽፋል። ለሰሚ ጆሮ ይህ ችግር አይደለም። በከንፈርና በጽሑፍ ብቻ ለምትማር ልጅ ግን የትርጉሙ ግማሽ በዚያ ሊጠፋ ይችላል። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ከአባላቱ የአንዱ አያት ቅኔ የተማሩ ስለሆኑ አንድ ሐሙስ ጠርተናቸው፣ ወርቁ ብዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ስትጠብቅ ወይም ስትላላ እንደሚወጣ በምሳሌ አስረዱን። ከዚያ ወዲህ በአማርኛው ጽሑፍ ላይ አሻሚ ቃል ሲመጣ አራሚው፣ ማለትም ጽሑፉን የሚያርመው የክበብ አባል፣ ከቃሉ ቀጥሎ በቅንፍ «ጠ» ወይም «ላ» ብሎ እንዲጽፍ ተስማማን። ይህ የልጆቹ የራሳቸው ሐሳብ ነው፤ እኔ ያዘዝኩት አይደለም።

የጽሑፉን ጥራት ለመለካት የታወቀውን ስሌት ወስደናል፤ የተሳሳቱትን፣ የተዘለሉትንና ያለ ቦታቸው የተጨመሩትን ቃላት ደምሮ መምህሩ ለተናገራቸው ቃላት ጠቅላላ ብዛት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ከ100 ቃላት 8 ቢሳሳቱ፣ 4 ቢዘለሉ፣ 3 ቢጨመሩ ስሕተቱ 15 በመቶ ይሆናል። በአማርኛ ግን ይህ ስሌት ይጨክናል። «ከተማሪዎቻችንም» በሚለው ውስጥ አንዲት ፊደል ብትስት ቃሉ በሙሉ ስሕተት ተብሎ ይቆጠራል። «ሀኪም»ና «ሐኪም»ስ? በዚህ ላይ አባላቱ ሁለት ሐሙስ ሙሉ ተከራክረው በመጨረሻ የሞክሼ ፊደላት ልዩነት እንዳይቆጠር፣ ከቃል ስሕተቱ ጎን የፊደል ስሕተቱም እንዲሰላ ወስነዋል። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የሞባይል ኢንተርኔት በማይሠራባቸው ሳምንታትና መብራት በጠፋባቸው ቀናት ሥራው እንዳይቋረጥ ሁለት አባላት ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ በየ10 ደቂቃው እየተቀያየሩ በእጅ ይጽፉ ነበር። በሌላ አገር በልዩ መሣሪያ የሚጽፉ ስቴኖግራፈሮች በደቂቃ ከ200 ቃላት በላይ ይጽፋሉ፤ የእኛ ልጆች ለአንዲት ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ስላለባቸው ቃል በቃል መከተል አልቻሉም፣ ፍሬ ነገሩን መርጠው መጻፍን ግን ተምረዋል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስልኩ ምንም መስማት አቆመ። ከአፍ ያለው ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል እንደሚቀንስ የፊዚክስ መምህራችን ስላስረዱን ማይኩን ከኮት ኪስ ወደ አንገትጌ አወጣነው፤ በጣም ረዳን።

በጥር የሴሚስተር ዕረፍት በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ የተማሪ ወላጅ ጎብኝተውን ነበር። እርሳቸው በትልቅ አዳራሽ በእንግሊዝኛ ሲያስተምሩ በፓወርፖይንት ውስጥ ያለውን ሰብታይትል ይከፍታሉ። ማይኩ በእርሳቸው ልብስ ላይ ስለሚሆን ከኋላ ወንበር የሚነሣ ጥያቄ በጽሑፉ ላይ አይወጣም፤ መልሱ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ጥያቄ ከመመለሳቸው በፊት ራሳቸው ይደግሙታል። እኛም ይህን ከእርሳቸው ወስደን በክፍላችን ሠርተንበታል። ለ12ኛ ክፍል አባላትም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በመጀመሪያው ሳምንት መምህራቸውን ቀርበው ጥያቄ እንዲደግሙላቸውና ሰብታይትሉን እንዲከፍቱላቸው በአክብሮት እንዲጠይቁ መክረዋቸዋል።

በሥራው የተካፈሉት አባላት 14 ናቸው። ማይኩ፣ ገመዱና የቃላት መዝገቡ ለዕቃ ግምጃ ቤት ተመልሰዋል፤ የባዮሎጂና የፊዚክስ ቃላት ዝርዝር ተጠናቋል፣ የኬሚስትሪው ግን «ኤሌክትሮላይት» ላይ ቆሟል። በመስከረም 12ኛ ክፍል የምትገባው ያቺ ተማሪ የኬሚስትሪው ቃላት የሚጻፉበትን ደብተር ለክረምቱ ወስዳዋለች፤ የቀረውን ጨርሳ እንደምትመጣና በአዲሱ ዓመት አራሚ ሆና መሥራት እንደምትፈልግ ነግራኛለች፤ ክበቡም ተቀብሏታል።