አባ ክብሪት እና የአይሲቲ ክበብ ዓመት

የአይሲቲ ክበብ ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በጥቅምት ነው፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን። ርዕሱን የመረጡት አባላቱ ናቸው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በእነሱ አፍ «ኤአይ»። ግማሾቹ ቻትጂፒቲን፣ ጥያቄ ሲጽፉለት የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ ስልክ ላይ ሞክረውታል። ሌሎቹ ኤአይ ሲባል ፊልም ላይ ያዩት ሮቦት ነው የሚታያቸው። የኮምፒውተር ክፍላችንን ነገር ታውቁታላችሁ። መብራት ሲኖር ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ ኮምፒውተሩ እሺ ሲል መብራት ይሄዳል። እኛም ያለ ኮምፒውተር ጀመርን።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ አወራን (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 ማሽን ማሰብ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። በ1956 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች ዘርፉን በስሙ አስጀመሩት። ልጆቹ በዚህ ብዙም አልተደነቁም። ጆሯቸው የቆመው ስለ ዳማ ሲነሣ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ አርተር ሳሙኤል ዳማ የሚጫወትና በተጫወተ ቁጥር የሚሻሻል ፕሮግራም ሠርቶ፣ በ1959 ሥራውን በጽሑፍ አውጥቷል። «ታዲያ እኛስ?» አሉ።

አሜሪካዊው የሒሳብ ጨዋታዎች ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር በ1962 ያስተዋወቀውን፣ አንድ ትንሽ ጨዋታ የሚማር የክብሪት ቀፎ ማሽን መረጥን። የጨዋታው ሜዳ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ ቤት ነው። በየወገኑ ሦስት ቆርኪ ይሰለፋል። ቆርኪው ወደፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ ሲበላ በሰያፍ ነው። ማዶ የደረሰ፣ የሌላውን የጨረሰ ወይም መሄጃ ያሳጣ ያሸንፋል። ማሽኑ 24 ባዶ ቀፎ ነው። በማሽኑ ተራ ጨዋታው ሊደርስበት የሚችለው እያንዳንዱ ሁኔታ (ግራና ቀኙ የተገለበጠው እንደ አንድ ተቆጥሮ) በአንድ ቀፎ ላይ ይሣላል። ውስጡ ለእያንዳንዱ የሚፈቀድ እርምጃ ዓይነቱ የተለየ አንድ ፍሬ ይገባል። ተራው የማሽኑ ሲሆን ሳያዩ አንድ ፍሬ ያወጣሉ፤ የወጣው ፍሬ እርምጃውን ይወስናል። ማሽኑ ከተሸነፈ የመጨረሻው ፍሬ ይወረሳል። ያን ስሕተት ዳግም አይሠራም። ትምህርቱ በቃ ይኸው ነው።

ልጆቹ ለማሽኑ የፈረስ ስም አወጡለት፤ አባ ክብሪት። ምኒልክ አባ ዳኘው ከተባሉ የእኛስ ምን ያንሰዋል ብለው ነው።

ለፍሬ የተጠቀምነው የጓዳ እህል ነበር፦ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና የሸዋ ሮቢት ማሾ። የዓመቱን ምርጥ ትምህርት ያገኘነውም ከዚሁ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ አባ ክብሪት ባቄላ ይወዳል እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ባቄላ ትልቅ ስለሆነ እጅ ቶሎ ይይዘዋል፤ ማሾው ከሥር ይቀራል። ምርጫው በዕድል ነው ብለን ያሰብነው ያጋደለ ነበር። ከገበያ መጠኑ እኩል፣ ቀለሙ የተለያየ ጨሌ ገዝተን ቀየርነው። የዳታ መዛባት የሚባለውን፣ ማሽን የሚማርበት መረጃ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉን፣ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም። ቻትጂፒቲ በእንግሊዝኛ ሲቀና በአማርኛ ለምን ይበልጥ እንደሚደናቀፍ ስንወያይም ወደ ባቄላው ተመለስን። ቻትጂፒቲ የሚማረው ከጽሑፍ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ ከአማርኛው እጅግ ይበዛል።

አባ ክብሪት መጀመሪያ በሁሉም ይሸነፍ ነበር። እየቆየ ግን አስቸገረ። በዚህ ጨዋታ ሁለተኛ የሚጀምር ካልተሳሳተ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። በወላጆች ቀን መምህራንን በተራ ሲረታ አንድ አባት ቀፎዎቹን እየከፈቱ ፈተሹ። ከጨሌ በቀር ምንም የለም።

ያስባል ወይስ አያስብም? በዚህ ክበቡ ለሁለት ተከፍሏል። እኔ አያስብም ከሚሉት ወገን ነኝ። ጨሌ ይጎድላል እንጂ የሚገባው ነገር የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ግን «የእኛ ጭንቅላትስ በምን ይለያል?» ብለው አፋጠውኛል። ክርክሩ አላለቀም።

ለመጪው ዓመት ያቀድነው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሚቺ በ1961 የሠራውን ነው፤ የኤክስና ኦ ጨዋታ የሚማር ማሽን። እሱ 304 ቀፎ ይፈልጋል። ስለዚህ እቤታችሁ ክብሪት ሲያልቅ ቀፎውን አትጣሉት፤ ለክበቡ አባላት ስጡልን።