ሳትለኪ አትግዢ

ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀምራለች። ይህን ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ስንነጋገር ሁለታችንም ስለምንጮህ መጻፉን መረጥኩ።

ወንድምሽ ሁሉን ነገረኝ። አትቆጪው፤ አስጨንቄ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ። የሁለት ዓመት ቁጠባሽን አውጥተሽ አርቲኤክስ 5090 የሚባል የጌም ምስል የሚሥል የኮምፒውተር ካርድ ገዝተሻል። ገንዘቡ የላብሽ ነው፣ በዚህ ላይ አፌን አልከፍትም። ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ካርዱን ዓመታት ባገለገለሽ፣ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተርሽ ላይ ሰካሽው፣ ጌሙ ተንገጫገጨ፣ ተናደድሽ፣ አሁን ደግሞ ተበድረሽ ባለ 16 ኮር፣ ማለትም ባለ 16 የስሌት ክፍል፣ ፕሮሰሰር ልትገዢ ነው። "ትልቅ ካርድ ትልቅ ፕሮሰሰር ይፈልጋል" አለችኝ አለ። ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ሳትለኪ አትግዢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ምስል፣ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የጌሙን ዓለም ያሰላል፤ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ፣ ጠላትሽ በየት በኩል እንደሚመጣ። ከዚያ ለካርዱ "ይህን ሣል" ብሎ ያዘዋል። ካርዱ ይሥላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ከፈለግሽ ለእያንዳንዱ ያለሽ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለ144 ወደ 6.9 ይወርዳል፣ ለ240 ደግሞ 4.2 ብቻ። ፕሮሰሰርሽ በ10 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ ከሆነ ካርዱ በ3 ቢጨርስ ምን ይጠቅምሻል? እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ከ100 ፍሬም አያልፍልሽም።

ሬዞሉሽን፣ ማለትም የምስሉን የነጥብ ብዛት፣ ስትጨምሪ የሚበዛው የካርዱ ሥራ ነው። 1080 ላይ 2 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይሥላል፣ 4ኬ ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ፕሮሰሰሩ ግን በሁለቱም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ጠላትሽ ስክሪንሽ ሰፋ ብሎ ሌላ ነገር አያስብም። ስለዚህ ያው ኮምፒውተር አንድ ቦታ በካርዱ፣ ሌላ ቦታ በፕሮሰሰሩ ሊታነቅ ይችላል። ሞኒተርሽ 4ኬ ነው ብለሽም እንዳትዘናጊ። ዲኤልኤስኤስን፣ ምስሉን አሳንሶ ሥሎ የሚያሳድገውን የካርዱን ዘዴ፣ ፐርፎርማንስ ላይ ስታደርጊው ካርዱ ውስጥ ውስጡን የሚሥለው በ1080 ነው፤ ሸክሙ ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ዛሬ ማታ ይህን አድርጊ። የሚንገጫገጭብሽን ጌም ክፈቺ፤ አፍተርበርነር የሚባለውን መለኪያ ፕሮግራም ጭነሽ የካርዱን አጠቃቀም በመቶኛ ስክሪኑ ጥግ ላይ አውጪው። 97 ወይም 99 ካለ ካርዱ አቅሙን ጨርሶ እየሠራ ነው፣ ፕሮሰሰሩን አትንኪው። 60 ወይም 70 ላይ ከቆመ እየጠበቀ ነው። ቀጥለሽ ሬዞሉሽኑን ዝቅ አድርጊ። ፍሬሙ ካልጨመረ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም 30 በመቶ ብቻ ነው ብለሽ እንዳትከራከሪኝ፤ እሱ የሁሉም አማካይ ነው። 3600 በአንድ ጊዜ 12 ሥራ ይይዛል፤ ከ12ቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ጌሙን ሲያንቅ በአማካዩ ላይ የሚታየው 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በአማካይ የሚያምን ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ፣ በአማካይ እንኳ ሳይሆን በዓይን ብቻ አይቼ።

ይህን ታሪክ እናንተ ልጆቹ የምታውቁት በግማሹ ነው። እኔና አጎትሽ በአንድ ኮምፒውተር የምንጣላበት ዘመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. 1998። ቤት ያለው ፔንቲየም 133 ነው። አጎትሽ ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ ባለ ሦስት አቅጣጫ የጌም ካርድ ገዛ። እሱን ለመስካት እጁ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ጌሙ አማረ፣ ግን ተጎተተ። እኔ ታላቁ ነኝ፣ አዋቂው ነኝ፤ አንድ ጊዜ አየሁና "ተታለልክ፣ አሮጌ ካርድ ሸጡልህ" አልኩት። በእሱም አልበቃኝ፣ አያትሽ ፊት ደገምኩት። አያትሽ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ጋዜጣቸውን አጠፉና ተነሥተው ሄዱ። አጎትሽ በሳምንቱ ካርዱን በግማሽ ዋጋ ሸጠው።

ካርዱ ደህና ነበር። በዚያ ዘመን ካርዱ ቀለሙን ይቀባል እንጂ የቅርጹን ስሌት የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነበር፤ ጂፎርስ 256 የሚባለው ካርድ በ1999 መጥቶ ያንን ሥራ ወደ ካርዱ እስኪወስደው ድረስ። ይህን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቤት ያንኑ ዓይነት ካርድ ፔንቲየም 2 ላይ ተሰክቶ አየሁት፤ ይበር ነበር። ቆሜ አየሁና ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ። ለአጎትሽ ግን አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ ስል 27 ዓመት አለፈ። እስከ ዛሬ ስንደዋወል ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ኮምፒውተር ከተነሣ ወሬ እንቀይራለን። እሱ ቂም ይዞ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ረስቶታል። እኔ ነኝ ያልረሳሁት።

እና ሳትለኪ አትግዢ። ሳትለኪም ማንንም አትውቀሺ።

ለክተሽ ፕሮሰሰሩ ሆኖ ከተገኘ፣ እኔም ይመስለኛል፣ ባለ 16 ኮሩን ተዪው። አብዛኛው ጌም ከ8 ኮር በላይ ሲሰጡት የሚያደርገው የለውም። ጌም የሚወደው ካሽ ነው። ካሽ ስል የምትበደሪውን ማለቴ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ፈጣን ሜሞሪ ነው። ራም መጋዘን ነው በይ፣ ካሽ ደግሞ እጅሽ የሚደርስበት መደርደሪያ። መደርደሪያው ከሰፋ ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዷ ዕቃ ወደ መጋዘን አይመላለስም። ራይዘን 7 9700ኤክስ 32 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ በዚያው 8 ኮር 96 አለው። ያንቺ ባለ 16ቱ 9950ኤክስ3ዲ ተጨማሪውን ካሽ የያዘው በአንደኛው 8 ኮር በኩል ብቻ ነው፤ ሌላው 8 ለቪዲዮ ሥራ ካልሆነ ለጌምሽ ተመልካች ነው። ቪዲዮ ታቀናብሪያለሽ? አታቀናብሪም። በቃ።

ከዚያ በፊት ግን ርካሹን መንገድ እዪ። ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ካገኘሽ አሁን ባለሽ ማዘርቦርድና ራም ላይ ይገባል፤ እሱም 96 ሜጋባይት ካሽ አለው። የ2022 ነው፣ የዛሬዎቹን አይደርስባቸውም፣ ግን ከብድር ያድንሻል። ማዘርቦርድሽ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድመሽ ከሠሪው ዝርዝር ላይ አረጋግጪ፤ ባዮሱንም፣ የማዘርቦርዱን ማስነሻ ሶፍትዌር፣ የድሮውን ፕሮሰሰር ሳታወጪ አድሺ። ካወጣሽው በኋላ ወይ ጉድ ማለት አይጠቅምም።

ያገለገለ የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኮር አይ9 በርካሽ ካቀረቡልሽ ተጠንቀቂ። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ይጎዳቸው እንደነበር ኩባንያው ራሱ በ2024 አምኗል። የባዮስ ማሻሻያ ወጥቶላቸዋል፤ አስቀድሞ የተጎዳውን ግን ማሻሻያው አያድነውም።

አሁን የምቆጣበት ላይ ደረስኩ። ወንድምሽ ፓወር ሰፕላይሽ፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ሣጥን፣ 750 ዋት ነው ይላል። እውነት ነው? ካርዱ ብቻውን እስከ 575 ዋት ይስባል፤ ኤንቪዲያ የሚመክረው 1000 ነው። ስትጫወቺ ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ ያውቃል? ካወቀ ሌላውን ሁሉ ተዪውና መጀመሪያ ይህን ቀይሪ። የካርዱን የኤሌክትሪክ ገመድ ስትሰኪ ዳር ድረስ ይግባ፤ ክፍተት ከቀረ ይሞቃል፣ ቀልጦ የተገኘም አለ። ከመሰኪያው ሥር አጥፈሽ አታጣምሚው። እንደ እኔ ቸኩለሽ እንዳትከድኚው፣ እባክሽ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች፣ አትሳቂብኝ። የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዪ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይሁን። ዊንዶውስ ውስጥ ሞኒተርሽ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል፣ ላይ ቆሞ እንደሆነም አረጋግጪ። በዚህ የተነሣ ስንት ሰው ፕሮሰሰር እንደቀየረ አጠያይቂ።

ስትለኪ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፊና ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የካርዱን ሳጥን ፎቶ አልፈልግም፣ እሱን ወንድምሽ አሳይቶኛል። ለአጎትሽም ላኪለት። ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ ያኔም የሚያውቀው እሱ ነበር። ምን ልግዛ ብለሽ ጠይቂው። አባዬ ነው የላከኝ አትበይው።

ወይም በይው።

አባትሽ

አዲሱን የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ስትገጥሚ ሥሩ የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ላጪው። እሱንም ረስቼ አውቃለሁ።