የፒኤስኤ ውጤት ያለ ማብራሪያ አይሰጥ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የፕሮስቴት የደም ምርመራ (ፒኤስኤ) አሰጣጥን ይመለከታል

በከተማችን በአንድ የግል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሌሊት ሽንት እየቀሰቀሰ እንቅልፍ የነሳቸው አባቶች ከሳቢያንም ከለገሃሬም እየመጡ «ፒኤስኤ ሥሩልኝ» ይላሉ። ደም እንቀዳለን፣ ቁጥር እንሰጣለን። ከ4 ካለፈ ጎኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይታተማል። ሰውየው ያቺን ቀስት አይቶ ካንሰር ይዞኛል ብሎ ቤቱ ይገባል።

ፒኤስኤ ግን ከወንዶች ፊኛ በታች ያለው እጢ፣ ጤነኛ ፕሮስቴትም የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። እጢው በዕድሜ ሲተልቅ፣ ሲቆጣ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲኖር፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ሲገባ ይጨምራል። ባለፉት ሁለት ቀናት የተፈጸመ ግንኙነት እንኳ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። (ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ይህን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል?) መጠኑ ከ4 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከሆነባቸው ወንዶች ከእጢው ናሙና ተወስዶ ካንሰር የሚገኘው በግምት ከአራቱ በአንዱ ነው። ከ4 በታች መሆንም ዋስትና አይደለም። ፊናስቴራይድ የተባለውን፣ የተለቀ ፕሮስቴትን የሚያሳንስ መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ስለሚወርድ፣ ወረቀቱ ላይ 3 ያለው በእውነቱ 6 ሊሆን ይችላል። በቅጻችን ላይ ግን ስለ መድኃኒት የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም።

ወንዱን ሁሉ አሰልፋችሁ መርምሩ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ዘመቻ እንዳይታሰብ እፈራለሁ። ምርመራው ዕድሜ ልክ የማይጎዳ፣ አዝጋሚ ካንሰርም ይይዛል፤ ሕክምናው ደግሞ ሽንት አለመቆጣጠርና የወሲብ ድክመት ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የመከላከል ባለሙያዎች ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉት ከሐኪም ጋር ተመካክረው ይወስኑ፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ቅድመ ምርመራው አይመከርም ያለው ለዚህ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ግን ቀደም ብሎ ሐኪም ቢያማክር ይበጀዋል።

ስለዚህ ቢሮው ለመንግሥትም ለግልም ላቦራቶሪዎች አንድ ወጥ ቅጽ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ኢንፌክሽን፣ ካቴተር፣ መድኃኒትና የቤተሰብ ታሪክ ይጠየቁበት፤ ጥያቄውም ለብቻ ይሁን። ውጤቱ በሐኪም በኩል ይነገር፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ከእጢው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ምርመራው ከሳምንታት በኋላ ይደገም። ማብራሪያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይታተም። ረቂቁን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከዚራ