የሥራችን ዋጋ ሐዋላ አይደለም

ከውጭ አገር የሚመጣ የአገልግሎት ክፍያን ለሚያስተናግደው የባንክ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አንጽፍም። ባስገባናቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ራስጌ ላይ አለ፤ ገቢ ተብሎ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ የሚያውቅ ካለ መዝገብ ቤቱ ነው። በቃልም በጽሑፍም ስንመላለስ ከርመን መልስ ስላጣን ነው ወደ አደባባይ የወጣነው። የውጭ ምንዛሪ መመሪያውን ለእርስዎ ለማስተማር አይደለም፤ ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። እኛን የሚያናድደንም እሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ እናስረዳ። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ አካባቢ ፎቶ እያነሳን ለውጭ መጽሔቶች፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችና ለአስጎብኚዎች የምንሸጥ ሰዎች አለን። ከእነዚህ አንዱ በመንዝ ጓሳ ያነሳቸውን 12 የጭላዳ ፎቶዎች ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም ፈቃድ ለአንድ የውጭ መጽሔት በ800 ዶላር ሸጠ። ገንዘቡ ደረሰ። ውሉን፣ ኢንቮይሱን፣ የታደሰ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዞ መስኮቱ ላይ ቀረበ። «የጉምሩክ ዲክላራሲዮንህስ?» ተባለ። ፎቶው በኢንተርኔት የተላከ ፋይል ነው ብሎ ቢያስረዳ፣ «ታዲያ ምኑን ነው ኤክስፖርት ያደረግኸው?» አሉት። ጭላዳው እንደሆነ እስካሁን ጓሳ ላይ ሣሩን እየነጨ ነው፤ በጋላፊም በሞያሌም ድንበር አልወጣም።

ከጥያቄው የባሰው ምክሩ ነው። «ለምን ትንገላታለህ? ሐዋላ ነው በልና ዛሬውኑ ውሰድ።» ቅጹ ላይ የተላከበት ምክንያት በሚለው ቦታ «የቤተሰብ ድጋፍ» ተብሎ ይሞላል፤ ፊርማ፤ አለቀ። በሕይወቱ ዓይቶት የማያውቀው መጽሔት አክስቱ ሆኖ አረፈ ማለት ነው።

ባልደረባችን አልፈርምም አለ። ገንዘቡ ተንጠልጥሎ ከረመና ወደ ላኪው ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ በመንገዱ ያሉት ባንኮች እንደገና ቆረጡበት። መጽሔቱ ከላከው ያነሰ ገንዘብ ተመልሶለት፣ ለሚቀጥለው ሥራ ከኢትዮጵያ ፎቶግራፍ አንሺ እንደማይፈልግ በትሕትና ጻፈ።

ክቡር ሆይ፣ «ሐዋላ በል» ማለት የዋህ ምክር እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ፣ ኤፍኤክስዲ/01/2024፣ የዕቃ ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት ላኪም ካገኘው የውጭ ምንዛሪ 50 በመቶውን በሒሳቡ እንዲይዝ ፈቅዷል። ክፍያው በሐዋላ ሲመዘገብ ይህ መብት በአንድ ምልክት ይጠፋል። ለእኛ ደግሞ ያ ዶላር ቅንጦት አይደለም። ፎቶ የምናርምበት ሶፍትዌር በየወሩ በዶላር ይከፈላል፤ ፋይል የምናስቀምጥበት የክላውድ ቦታ በዶላር ይከፈላል፤ ከ3,200 ሜትር በላይ በጓሳ ጉምና አቧራ ውስጥ የሚውል ሌንስ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። በሕጋዊ መንገድ ያስገባነውን ዶላር ወደ ብር አስቀይራችሁ ስታበቁ፣ ለሶፍትዌሩ የሚከፈለውን ዶላር ከየት እንደምናመጣ አትጠይቁንም። መልሱን ስለምታውቁት ይሆናል።

ሁለተኛው ጣጣ ግብር ላይ ነው። ከአገር የወጣ አገልግሎት ተጨማሪ እሴት ታክሱ በዜሮ ምጣኔ ነው፤ ማስረጃው ግን ገዢው ውጭ አገር እንዳለና ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት ነው። የባንኩ ወረቀት «የቤተሰብ ድጋፍ» እያለ ኢንቮይሱ «የፎቶ አጠቃቀም ፈቃድ» የሚል ከሆነ፣ የገቢዎች ኦዲተር ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ቢል ምን ይፈረድበታል? ልክ ነው። 15 በመቶው ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ላይ ያርፋል። ሐሰቱን ያስጻፈው ዴስክ በዚያ ጊዜ የለም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በአሜሪካ የፎቶ መሸጫ ድረ ገጾች ፎቶ የሚያስቀምጥ ሰው ለግብር ጉዳይ የውጭ አገር ሰው መሆኑን የሚገልጽበት ደብሊው-8ቤን የሚባል ቅጽ ይሞላል። አሜሪካና ኢትዮጵያ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ እዚያ አገር ለሚገኝ ገዢ ከተሸጠ የአጠቃቀም ፈቃድ ላይ 30 በመቶ ከምንጩ ይቀነሳል። (ሥራው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ ግን ሌላ ነው፤ ያ የአሜሪካ ምንጭ ስላልሆነ አይቀነስበትም። ስለዚህ ኢንቮይስ ላይ የቀረጻ አገልግሎትንና የአጠቃቀም ፈቃድን በአንድ መስመር አለመደባለቅ ነው፤ ሥራው የተሠራበትን ቦታም መጻፍ ይገባል።) ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የፈረንጅ ዓመት ሲያልቅ ጊዜው ያልፍበታል፤ ካልታደሰ ክፍያው ላይ ችግር ይፈጥራል። የተቀነሰውን የሚያሳይ 1042-ኤስ የሚባል ማስረጃ በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ ይመጣል። የእኛ የገቢ ግብር ሕግ በውጭ የተከፈለን ግብር እንድናቀናንስ ይፈቅዳል። ግን በባንክ ወረቀት «ስጦታ» የሆነ ገንዘብ ላይ የተከፈለ ግብርን ማን ያቀናንሳል? 30 በመቶ እዚያ፣ እዚህም እንደገና ሙሉውን።

አሁን ዴስኩ ወረቀት ለመመለስ ወደሚወዳቸው ምክንያቶች እንግባ፤ ሁሉም መፍትሔ አላቸውና።

«ኢንቮይሱ 800 ይላል፣ የገባው 775 ነው፤ አይገጥምም።» አዎ፣ አይገጥምም፤ የማይገጥምበትም ምክንያት እዚያው በእጃችሁ ያለው ወረቀት ላይ ታትሟል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ከላኪው ባንክ ቀጥታ አይመጣም፤ በኮረስፖንደንት፣ ማለትም በመካከል ባለ አገናኝ ባንክ ያልፋል፤ እሱም ድርሻውን ይቆርጣል። ባንኮች ለገንዘብ ዝውውር በስዊፍት በሚላላኩት፣ በለመድነው የኤምቲ103 መልእክት፣ 33ቢ በሚባለው መስመር ላይ ላኪው ያዘዘው መጠን፣ 32ኤ ላይ የደረሰው መጠን፣ 71ኤ ላይ ክፍያውን ማን እንደሚሸከም፣ 71ኤፍ ላይ ደግሞ በመንገድ የተቆረጠው ይጻፋል። 71ኤ ላይ «ሻ» ካለ ወጪው የጋራ ነው፣ «ቤን» ካለ ሁሉም የተቀባዩ ነው፣ «አወር» ካለ ላኪው ይሸከማል። 800 ሲቀነስ 25፣ 775 ይሆናል፤ ይህን ለማረጋገጥ ዋናው መሥሪያ ቤት መጠየቅ አያስፈልግም። ባንኮች አይኤስኦ 20022 ወደሚባለው አዲስ የመልእክት ዓይነት ሲሻገሩ የመስመሮቹ ስም ተቀየረ እንጂ መረጃው አልጠፋም። እኛም በበኩላችን ኢንቮይሱ ግርጌ «የማስተላለፊያ ወጪ በከፋዩ፣ አወር» ብለን መጻፍ ጀምረናል፤ እንዲያም ሆኖ የደንበኛው የሒሳብ ክፍል ሳያየው «ሻ» ብሎ የሚልክበት ጊዜ አለ።

«ስም አይገጥምም።» ይህ ከሁሉ ያስቃል፣ ካላስለቀሰ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የፈረንጁ ቅጽ ደግሞ ሁለት ሳጥን ብቻ አለው፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ። ሒሳብ ሠራተኛው የራስን ስም አንዱ ላይ፣ የአያትን ስም ሌላው ላይ ጽፎ አባትን ይጥለዋል። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ፦ ፀሐይን አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፤ ኃይለ ሚካኤልን አንዱ ገጥሞ ይጽፈዋል፣ ሌላው ለያይቶ። በዚያው በኤምቲ103 የተቀባይ ስም አንድ መስመር 35 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ እንደ ገብረ እግዚአብሔር ወልደ ማርያም ሀብተ ሚካኤል ያለ ስም በላቲን ሲጻፍ ከዚያ ያልፋል፤ ወይ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል፣ ወይ የላኪው ሲስተም ይቆርጠዋል። የሒሳብ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሁለቱ ስም ልክ ነው፤ ፋይዳ መታወቂያው አለ፤ ሰውየውም መስኮቱ ላይ ቆሟል። ለዚህ ገንዘብ ይመለሳል? ሌላው ምክራችን ለባልደረቦቻችን ነው፦ ኢንቮይሱ ላይ ስማችሁን ከባንክ ደብተሩ ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ፋይዳው ላይ ያለው አጻጻፍ ከባንኩ ከተለየም ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት አንዱን አስተካክሉ።

«ላኪው ሌላ፣ ኢንቮይሱ ላይ ያለው ደንበኛ ሌላ።» በክፍያ አገናኝ ድርጅት በኩል ሲመጣ እንዲህ መሆኑ የታወቀ ነው። የአገናኙ የክፍያ መግለጫ ሲቀርብ ማየት በቂ ነበር። ከኢንተርኔት ክፍያ ድርጅቶች ፔይፓል ከኢትዮጵያ መላክ እንጂ መቀበል አያስችልም፤ ስትራይፕ ጭራሽ አገራችን የለም። የቀረው በር የእናንተ ስለሆነ ነው የምንጨቀጭቀው።

«ቀኑ የተሳሳተ ነው።» አልተሳሳተም፤ የፈረንጅ ነው። ደንበኛው በእሱ ዘመን አቆጣጠር ይከፍላል፣ እኛ በእኛ እንመዘግባለን። አሁን ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እንጽፋለን። ይልቅ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ የተቆረጠ ኢንቮይስ በ30 ቀን ውስጥ ቢከፈልም ሐምሌ ላይ ሊገባ ይችላል። እናንተ ደግሞ ለሳምንታት ስታንጠለጥሉት ነሐሴ ይሆናል። በ2016 ሐምሌ ማለቂያ ላይ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ አንድ ቀን ወዲያና ወዲህ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

«አይባን የለውም።» አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር ኢትዮጵያ የላትም። ይህን እንኳ እኛ ልናስረዳችሁ አይገባም ነበር፤ የስዊፍት ኮድና የሒሳብ ቁጥር ነው ያለው።

ደግሞ ስለ ቦታው። ለእያንዳንዱ ጥርጣሬ «አዲስ አበባ ዋናው ጋ ጨርሱ» ይባላል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የሚመጣውማ ከዚህ ይብሳል፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ነው ይህንንም የምንለው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል በተቋረጠባቸው ወራት ከደንበኛው የተስተካከለ ውል ማስላክ ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜም ዴስኩ «ዛሬ ካላመጣህ ይመለሳል» ማለቱን አልተወም።

አንድ ገንዘብ የት እንደቆመ ለማወቅም መገመት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ዝውውር ዩኢቲአር የሚባል 36 ምልክት ያለው መለያ አለው። ደንበኛው ከባንኩ ጠይቆ ሲልክልን ለእናንተ እናመጣለን። ተቀብሎን ያየው ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ «ይህ ምንድን ነው?» ያለን ብዙ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ውል፣ ኢንቮይስና የስዊፍት መልእክቱ ከቀረቡ ክፍያው «የአገልግሎት ኤክስፖርት» ተብሎ ይመዝገብ። ለማይዳሰስ ነገር የጉምሩክ ወረቀት አይጠየቅ። ገንዘብ ከመመለሱ በፊት ተቀባዩ ይጠራ።

የጭላዳው ፎቶ ባለቤት ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም። መጽሔቱ በብዙ ልመና 800 ዶላሩን ድጋሚ ለመላክ ተስማምቷል፤ በዚህ ወር ይመጣል። ያው መስኮት ላይ፣ በዚያው ወረቀት ይቀርባል። ሐዋላ ነው ብሎ አይፈርምም። የምትከለክሉት ከሆነ የከለከላችሁበትን የመመሪያ አንቀጽ ጠቅሳችሁ፣ ቁጥርና ቀን ባለው ደብዳቤ፣ ማኅተም መትታችሁ ስጡት። በቃል የሚሰጥ መልስ አንቀበልም።

በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ የምንሠራ ፎቶግራፍ አንሺዎች